በነቀርሳ የታመመችን ድመት ማስታመም



በአማርኛ ማከምና ማስታመም ሁለት የተለያዩ ሥራዎች ናቸው። ማከም የሐኪሙ ተግባር ሲሆን፥ ማስታመም ከሕመምተኛው አጠገብ ውሎ የሚያድረው ሰው ድርሻ ነው። የዚህ ንግግር ዓላማ በነቀርሳ የተያዘች የቤት ድመት በምትታከምበት ጊዜ የሁለተኛው ሥራ ክብደት ከመጀመሪያው የማያንስ መሆኑን ማስረዳት ነው።

«በሽታውን የደበቀ መድኃኒት የለውም» የሚለው ተረት ከእንስሳት ሁሉ ይልቅ ለድመት የተነገረ ይመስላል። ድመት ሕመሟን በዝምታ ትሸሽጋለች። ሲብስባት ከአልጋ ሥር ትገባለች፤ ጠጕሯን መላስ ትተዋለች፤ ቀድሞ ትዘልበት ከነበረው መስኮት ሥር ቆማ ሽቅብ ትመለከታለች። ይህን ለጥቂት ደቂቃ የሚያያት ሐኪም ሊደርስበት አይችልም። የሚያውቀው አብሯት የሚኖረው ሰው ነው።

ለምሳሌ ያህል አንዲት የ12 ዓመት ድመት ትታሰብ። ባለቤቷም ልጆቻቸውን ድረው ብቻቸውን የቀሩ እናት ይሁኑ። ድመቷ በጥቂት ወራት ውስጥ ከ4 ኪሎ ወደ 3 ኪሎ ወርዳለች፤ አልፎ አልፎም ያስመልሳታል። እናቲቱ ነገሩን ለእርጅና ሰጥተውት ቆይተው በመጨረሻ ወደ ሐኪም ያመጧታል። በአልትራሳውንድ ሲታይ የአንጀቷ ግድግዳ ወፍሮ ይገኛል፤ ናሙና ተወስዶ ሲመረመርም ሊምፎማ የተባለው የነጭ ደም ሕዋሳት ነቀርሳ መሆኑ ይረጋገጣል።

ሊምፎማ በድመቶች ላይ በብዛት ከሚታዩት የነቀርሳ ዓይነቶች አንዱ ነው። እ.ኤ.አ. በ1964 በግላስጎው ዊልያም ጃሬትና ባልደረቦቹ የድመት ሉኬሚያ ቫይረስን ካገኙ ወዲህ፥ የበሽታው አንዱ መንሥኤ ታውቋል። ምርመራና ክትባት በተስፋፋባቸው አገሮች ከቫይረሱ ጋር የተያያዘው ሊምፎማ እየቀነሰ ሄዶ፥ ዛሬ በይበልጥ የሚታየው በአረጁ ድመቶች አንጀት ላይ የሚነሣው ነው። ይህም በሁለት ይከፈላል። ሕዋሳቱ ትንንሽ የሆኑት ዓይነት ቀስ ብሎ የሚሄድ ሲሆን፥ ክሎራምቡሲልና ፕሬድኒሶሎን በአፍ እየተሰጡ ብዙዎቹ ድመቶች ሁለት ዓመትና ከዚያም በላይ ኖረዋል። ሕዋሳቱ ትልልቅ የሆኑት ግን ፈጣን ነው፤ ቪንክሪስቲንን፥ ሳይክሎፎስፋማይድንና ፕሬድኒሶሎንን አቀናጅቶ መስጠትን ይጠይቃል፤ የሚገኘውም ዕድሜ አብዛኛውን ጊዜ በወራት የሚቆጠር ነው። ፕሬድኒሶሎን ብቻውን ለጊዜው ያስታግሳል፤ ነገር ግን ምርመራው ሳያልቅ ከተጀመረ በሽታውን ሸፍኖ ውጤቱን ያሳስታል።

በሰው ሕክምና ፈውስ ለማግኘት ሲባል ከባድ ሥቃይ የሚያስከትል መጠን ሊሰጥ ይችላል። ለድመት ግን መጠኑ የሚወሰነው የቀሩት ቀኖች ደኅና ቀኖች እንዲሆኑላት ታስቦ ነው። ብዙዎቹ ድመቶች ጠጕራቸው አይረግፍም፤ የሚረግፈው በአብዛኛው ጢማቸው ነው። ስለዚህ ሐኪሙ ለእናቲቱ «ትድናለች» ብሎ ከመናገር ተቆጥቦ፥ ደኅና ቀኖች ሊጨመሩላት እንደሚችሉ በግልጽ ሊነግራቸው ይገባል።

ከዚህ በኋላ ሥራው ወደ ቤት ይገባል። እናቲቱ ድመቷን በየሳምንቱ ይመዝናሉ፤ የበላችውን፥ ያስመለሰችውንና የተኛችበትን ቦታ በደብተር ይጽፋሉ። ምግቡን ሽታው እንዲነሣ ለብ ያደርጉታል። እንክብሉን ሳይሰብሩና ሳይፈጩ፥ ጓንት አድርገው ይሰጣሉ፤ መድኃኒት ከወሰደች በኋላም ለጥቂት ቀናት ሽንቷንና ዓይነ ምድሯን በጓንት ያነሣሉ። ነፍሰ ጡር ሴት ይህን ሥራ ልትነካው አይገባም። መድኃኒቱ ከተሰጠ ከሳምንት እስከ ዐሥር ቀን ባለው ጊዜ ነጭ የደም ሕዋሳት ሊያንሱ ስለሚችሉ፥ ድመቷ ከፈዘዘች ወይም ካተኮሳት ወደ ሐኪሙ መሄድ የሚያስፈልገው በዚያው ቀን ነው። ለሁለትና ለሦስት ቀናት ካልበላችም ጉበቷ በስብ ተሞልቶ ሌላ ሕመም ሊጨምርባት ይችላል።

ከሁሉም በላይ የሰው መድኃኒት ከጓዳ አውጥቶ መስጠት ክልክል ነው። አንድ የፓራሲታሞል እንክብል ድመትን ሊገድል ይችላል፤ ጉበቷ ሊያጣራው ስለማይችል ቀይ የደም ሕዋሳቷ ይጐዳሉ። ለሰውና ለውሻ ነቀርሳ የሚሰጠው ሲስፕላቲንም ሳንባዋን በውኃ ሞልቶ ይገድላታል።

በማስታመም ውስጥ ግን ሌላ አደጋ አለ። እናቲቱ በየጠዋቱ ድመቷን ከአልጋ ሥር ጐትተው እያወጡ አፏን የሚከፍቱ ከሆነ፥ ድመቷ የለመደችውን እጅ ትሸሻለች። ያን ጊዜ የተጨመረላት ዕድሜ የፍርሃት ዕድሜ ይሆናል። እንክብሉ በቁራጭ ሥጋ ቢጠቀለል፥ የምትተኛበት ስፍራም ከመድኃኒት ነፃ ቢሆን ይመረጣል።

ሥቃይዋን ለመለካት እ.ኤ.አ. በ2019 ከሞንትሪያል ዩኒቨርሲቲ የወጣው የድመት ፊት መመዘኛ ይረዳል። ጆሮ፥ ዓይን፥ አፍንጫና አፍ አካባቢ፥ ጢምና የራስ አቀማመጥ እያንዳንዳቸው ከ0 እስከ 2 ይሰጣቸዋል፤ ድምሩ ከ10 4 ከደረሰ ማስታገሻ ያስፈልጋታል። አሜሪካዊቷ የእንስሳት ሐኪም አሊስ ቪላሎቦስ ያዘጋጁት መመዘኛ ደግሞ ሥቃይን፥ ምግብን፥ ውኃን፥ ንጽሕናን፥ ደስታንና እንቅስቃሴን ከመዘነ በኋላ፥ ደኅናዎቹ ቀኖች ከክፉዎቹ ይበዙ እንደሆነ ይጠይቃል።

ይህን የመጨረሻ ጥያቄ መመለስ ለሚወድ ሰው ከባድ ነው። እናቲቱ ድመቷን ማጣትን ይፈራሉ፤ ድመቷ ግን ሞትን ሳይሆን የዛሬን ሥቃይ ታውቃለች። ሁለቱ ፍርሃቶች እንዳይደባለቁ ሕክምናው የሚቆምበት ምልክት ሁሉም በተረጋጋበት በመጀመሪያው ቀን ሊወሰን ይገባል፤ ለምሳሌ ከምግብ ከራቀች፥ ጠጕሯን መላስ ካቆመች፥ ወደ መስኮቷም መሄድ ከተወች ተብሎ በደብተሩ የመጀመሪያ ገጽ ይጻፋል። ምልክቱ በደረሰ ጊዜም ሐኪሙ ውሳኔውን በእናቲቱ ላይ ጥሎ ሊሸሽ አይገባውም። አስቀድመው የተስማሙበትን ገጽ አብሯቸው ያነባል፤ ድመቷም ያለ ሥቃይ እንድታርፍ ያደርጋል፤ እናቲቱ በሚገባ ማስታመማቸውንም ይነግራቸዋል።