ሃይማኖትና አዋጅ

በደብሩ የኢዮቤልዩ በዓል ለካህናትና ለምእመናን የተነገረ



ሃይማኖቱ የተለያየ ሕዝብ በአንድ መንግሥት ሥር፥ በአንድ ገበያና በአንድ ወንዝ ሲኖር፥ መንግሥት በሃይማኖት ነገር እስከ ምን ድረስ ሊገባ ይገባዋል? ይህ ጥያቄ ከውጭ አገር መጻሕፍት የመጣ የሚመስለው ሰው ብዙ ነው። ነገር ግን ኢትዮጵያ በገዛ ልጆቿ ደም የተማረችው ነገር ነው፤ ከሁሉም ይልቅ በዐፄ ሱስንዮስ ዘመን።

ዐፄ ሱስንዮስ በ1599 ዓ.ም. ነገሡ። በዚያን ጊዜ ጴጥሮስ ፓኤዝ የሚባል የእስፓንያ ሰው፥ የኢየሱሳውያን ማኅበር ካህን፥ በኢትዮጵያ ይኖር ነበር። ግዕዝና አማርኛ ተምሮ በትዕግሥትና በለዘበ ቃል ያስተምር ስለ ነበረ በንጉሡ ዘንድ ተወደደ፤ ንጉሡም ወደ ሮማ ሃይማኖት አዘነበሉ። ነገሩ በዚህ ቢቆም የአንድ ሰው ኅሊና ጕዳይ ሆኖ በቀረ ነበር። የንጉሥ ኅሊና ግን በእልፍኝ አይቀርም። ጳጳሱ አቡነ ስምዖን ይህን ተቃውመው ከንጉሡ አማች ከዮልዮስ ጋራ ተነሡ፤ በ1609 ዓ.ም. ሁለቱም በጦር ሜዳ ሞቱ።

ፓኤዝ በ1614 ዓ.ም. ዐረፈ። ከእርሱ በኋላ በ1617 ዓ.ም. አልፎንሶ ሜንዴዝ ፓትርያርክ ተብሎ መጣ፤ በ1618 ዓ.ም. ደንቀዝ ላይ ንጉሡና መኳንንቱ ለሮማ ጳጳስ ለመታዘዝ ማሉ። ሜንዴዝ የፓኤዝ ትዕግሥት አልነበረውም። ሕዝቡ እንደ ገና እንዲጠመቅ፥ ካህናቱ እንደ ገና ክህነት እንዲቀበሉ፥ አብያተ ክርስቲያናቱ እንደ ገና እንዲባረኩ፥ ቀዳሚት ሰንበት እንዳትከበር፥ ግዝረት እንዲቀር፥ ጾሙና በዓሉም በሮማ አቈጣጠር እንዲሆን ታዘዘ።

በዚያን ጊዜ አንድ የገጠር ቄስ ምን እንደ ተሰማው ካህናት ከማንም ይልቅ ያስተውሉታል። ዕድሜውን ሙሉ የቀደሰው ቅዳሴ ቅዳሴ አይደለም፥ ያጠመቃቸው ሕፃናት አልተጠመቁም፥ ፈትቶ የቀበራቸው ሙታን ሳይፈቱ ቀርተዋል ማለት ሆነበት። ይህን የነገረው መምህር ተከራክሮ ረትቶት አይደለም፤ ነጋሪት ተጐስሞ በአዋጅ ነው። ስለዚህ ገበሬው የማረሻውን እጀታ ትቶ ጦር አነሣ፤ ላስታም ሸፈተ።

በ1624 ዓ.ም. በሰኔ ወር ወይና ደጋ ላይ ታላቅ ጦርነት ሆነ፤ ንጉሡም ድል አደረጉ። የሞተው ሰው 8000 ያህል ነበረ ተብሎ ተጽፏል። በማግሥቱ ግን በሜዳው ላይ የወደቀው ሬሳ ከባዕድ አገር የመጣ ጠላት ሳይሆን የንጉሡ የገዛ ሕዝብ፥ ያውም ክርስቲያን መሆኑን ወገኖቻቸው ራሳቸው በሐዘን አመለከቷቸው። ዐፄ ሱስንዮስ በዚያው ወር የቀድሞው ሃይማኖት እንዲመለስ ዐዋጅ አስነግረው መንግሥቱን ለልጃቸው ለፋሲለደስ ለቀቁ፤ ከጥቂት ወራትም በኋላ ዐረፉ። ድል አድርጎ ሳለ አዋጁን የሻረ ንጉሥ በታሪክ ብዙ አይገኝም፤ ለዚህ ሥራቸው የሚገባቸው ምስጋና እስከ ዛሬ በሙሉ አልተሰጣቸውም።

ታሪኩን የሚናገሩ ሰዎች አብዛኛውን ጊዜ እዚህ ላይ አቁመው እልል ይላሉ። ነገር ግን የተረፈውንም መናገር ይገባል። ዐፄ ፋሲለደስ ኢየሱሳውያንን ካገር አስወጡ፤ የሮማን ሃይማኖት አንለቅም ያሉት ኢትዮጵያውያንም በፊት ሌሎች የተቀበሉትን መከራ በተራቸው ተቀበሉ። በ1630 ዓ.ም. ሁለት የካፑቺን መነኮሳት ጐንደር ላይ ተሰቀሉ። በ1660 ዓ.ም. ገደማ ደግሞ በዐፄ ዮሐንስ 1ኛ ዘመን ፈረንጆች እንዲወጡ፥ እስላሞችና ቤተ እስራኤልም ከክርስቲያኑ ተለይተው እንዲሰፍሩ ተወሰነ። የተበደለው ወገን ሥልጣን ባገኘ ጊዜ ነጋሪቱን አልሰበረውም፤ ራሱ ጐሰመው እንጂ።

ይኸው ነገር በቦሩ ሜዳም ታየ። በ1870 ዓ.ም. ዐፄ ዮሐንስ 4ኛ በዚያ ጉባኤ አድርገው የሦስት ልደትን ትምህርት አስወገዙ፤ የወሎ እስላም መኳንንትም ወይ እንዲጠመቁ ወይ ሹመታቸውን እንዲለቁ ታዘዘ። መሐመድ ዓሊ ተጠምቀው ሚካኤል ተባሉ፥ በኋላም ንጉሥ ሆኑ፤ ሸኽ ጦልሐ ግን እምቢ ብለው ተነሡ። ከሕዝቡም ቀን ክርስቲያን ሌሊት እስላም ሆነው የኖሩ ነበሩ። ሹመት እንዳይቀርበት የተጠመቀ ሰው ጥምቀቱ ምንድር ነው? አንድነት የተፈለገው ለመንግሥት ነበር፤ የተዋረደው ግን የቤተ ክርስቲያን ምሥጢር ነው።

በ1948 ዓ.ም. የተሻሻለው ሕገ መንግሥት በአንድ በኩል በ40ኛው አንቀጽ የሃይማኖትን ነጻነት አወጀ፥ በሌላ በኩል በ126ኛው አንቀጽ የኦርቶዶክስ ተዋሕዶ ቤተ ክርስቲያንን የመንግሥት ቤተ ክርስቲያን አደረገ። ሚያዝያ 12 ቀን 1966 ዓ.ም. እስላሞች እኩልነት ለመጠየቅ በአዲስ አበባ ሰልፍ በወጡ ጊዜ ብዙ ክርስቲያኖች አብረዋቸው ወጡ። በ1987 ዓ.ም. የወጣው ሕገ መንግሥት ደግሞ በ11ኛው አንቀጽ መንግሥትና ሃይማኖት የተለያዩ መሆናቸውን፥ መንግሥታዊ ሃይማኖት እንደማይኖር፥ አንዱም በሌላው ጕዳይ ጣልቃ እንደማይገባ ደነገገ።

በዚህ አንቀጽ ያዘኑ የቤተ ክርስቲያን ልጆች አሉ፤ ክብር የተነጠቀ መስሎአቸው ነው። ነገር ግን በመንግሥት ክንድ መደገፍ ምን እንደሚያስከትል ከአቡነ ቴዎፍሎስ የበለጠ ምስክር አይገኝም። የደርግ መንግሥት ፓትርያርኩን በ1968 ዓ.ም. ከመንበራቸው አወረዳቸው፥ በ1971 ዓ.ም. ገደላቸው። መሾምን የለመደ እጅ መሻርን ይችላል። የ11ኛው አንቀጽ ቃል በእውነት ቢጠበቅ የሚጠብቀው መስጊዱን ብቻ አይደለም፤ መንበሩንም ነው። ለሥራ ወደ ሳዑዲ ዐረቢያ የሄዱ ክርስቲያን ልጆች ያሏቸው ወላጆች ይህን ሳይነገራቸው ያውቁታል፤ በዚያ ቤተ ክርስቲያን መትከል ስላልተፈቀደ ልጆቻቸው ደጃፍ ዘግተው ይጸልያሉ።

አብሮ መኖር ማለት ሃይማኖትን ማደባለቅ ነው ብለው የሚፈሩም አሉ። የወሎ ሰርግ ይህን ፍርሃት ያስቀራል። ባለ ሰርጉ ክርስቲያን ቢሆን ለእስላም እንግዶቹ ለብቻው ከብት ያቀርባል፤ የሚያርደው እስላም ነው፥ ድስቱም ሌላ ነው፥ ሥጋውም ከሥጋ አይነካካም። ባለ ሰርጉ እስላም ቢሆን ለክርስቲያኖቹ እንዲሁ ያደርጋል። ማንም ሰው እምነቱን በጥቂት እንኳ አልቀነሰም፤ ዳሱ ግን አንድ ነው፥ ሙሽራውም የሁሉ ነው። ይህን ሥርዓት ያቆመው የመንግሥት ሹም አይደለም፤ ጎረቤቱ እንዳይራብበት ያሰበ ባለቤት ነው።

ከሰርጉ ይልቅ የሚከብደው የመሬት ነገር ነው፤ ይልቁንም የመቃብር ቦታ። በየከተማው በዚህ ምክንያት ጠብ ተነሥቷል። ከምእመናን መካከል በመንግሥት መሥሪያ ቤት ወንበር ላይ የሚቀመጡ አይታጡም። የሌላ እምነት ሰዎች የመቃብር ቦታ ማመልከቻ ይዘው በመጡ ጊዜ ሹሙ ማዕተቡን ከአንገቱ ማውለቅ አያስፈልገውም፤ ማመልከቻውን የሚመረምረው ግን በሕጉ እንጂ በማዕተቡ አይደለም። ወረቀቱ በመሳቢያ ተዘግቶበት ቢከርም፥ መቀበሪያ ያጣው ሬሳ የእድር ጎረቤት ሬሳ ነው፤ ያም ጎረቤት በሕይወቱ ሳለ የዚህን ደብር ምእመን ቃሬዛ ተሸክሞ እስከ ቅጥሩ በር የመጣ ሰው ነው።