በአባትና በርስት መካከል የተያዙ ልጆች

(የሚከተለው ጽሑፍ በሃይማኖትና በኅብረተሰብ ጉዳዮች ላይ በተካሄደ የውይይት መድረክ ከቀረበ ንግግር የተወሰደ ነው። ዘመኖቹ በሙሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው። — ዝግጅት ክፍሉ)



በዚህ አዳራሽ ውስጥ «የሮማ ሰዎች በላቲን ቢቀድሱ በጣሊያንኛ እኛን ምን አገባን?» የሚል አይጠፋም። አልፈርድበትም። ይሁን እንጂ ያገባናል የምልበት ሁለት ምክንያት አለኝ። አንደኛ፣ በአገራችን ከሮማ ጋር በአንድነት የሚኖሩ፣ በግዕዝ የሚቀድሱ ካቶሊካውያን ወገኖች አሉን። ሁለተኛ፣ ከነገሩ በስተጀርባ ያለው ጥያቄ በየትኛውም ቤት የሚነሳ ነው። በመሪነት ወንበር የተቀመጠ ሰው ከአባቶች የተረከበውን የመለወጥ ሥልጣኑ እስከ ምን ድረስ ነው? ልጁስ «ኧረ ይህ ነገር አይሆንም» ማለት የሚችለው እስከ ምን ድረስ ነው?

ነገሩ ከየት ጀመረ?

ነገርን ከሥሩ ውኃን ከጥሩ ነውና ወደ ኋላ እንመለስ። በ1570 ርዕሰ ሊቃነ ጳጳሳት ፒዮስ 5ኛ የላቲኑን የቅዳሴ መጽሐፍ አንድ ወጥ አድርገው አወጡ። ሥርዓቱ ግን ከእሳቸው በብዙ መቶ ዓመታት የቀደመ ነው። ከዚያ ወዲህ ለ400 ዓመት ያህል፣ ጥቂት ማሻሻያ ብቻ እየተደረገበት፣ የአየርላንዱ ገበሬም የፊሊፒንሱ ዓሣ አጥማጅም በአንድ ልሳን አስቀደሰ። ካህኑ እንደ ሕዝቡ ፊቱን ወደ መንበሩ አድርጎ ይቀድሳል፤ ምእመኑ ተንበርክኮ በአፉ ይቆርባል፤ የቅዳሴው ዋና ጸሎት በለሆሳስ ይደርሳል።

ከዚያ ከ1962 እስከ 1965 ሁለተኛው የቫቲካን ጉባኤ ተካሄደ። ጉባኤው በ1963 ስለ ሥርዓተ አምልኮ ያወጣው ሰነድ «ላቲን ይቅር» አላለም። ላቲን ተጠብቆ ይቆይ፣ ለየአገሩ ቋንቋም ሰፋ ያለ ቦታ ይሰጠው ነው ያለው። ካህኑ ፊቱን ወደ ሕዝቡ ያዙር የሚል ትእዛዝም በሰነዱ ውስጥ የለም። ታዲያ ምን ሆነ? ሥራው ለኮሚሽን ተሰጠ። «ለኮሚሽን ተሰጠ» የሚለውን ነገር እኛም እናውቀዋለን! በ1969 ጳውሎስ 6ኛ አዲሱን የቅዳሴ መጽሐፍ አወጁ፤ በጥቂት ዓመታት ውስጥም አሮጌው ቅዳሴ ከአብዛኛው ዓለም ጠፋ። መንበሩ ዞረ፤ ምእመኑ የሚንበረከክበት አጥር በብዙ ቦታ ተነቀለ፤ በአንዳንድ ደብር የጥንቱ ዜማ ቀርቶ ጊታር ገባ።

ይህን የተቃወሙት ሥራ ፈት አኩራፊዎች አልነበሩም። እስከ 1968 ድረስ የቫቲካን የእምነት ትምህርት ጠባቂ መሥሪያ ቤት ኃላፊ የነበሩት ካርዲናል ኦታቪያኒ፣ ከካርዲናል ባቺ ጋር ሆነው በዚያው በ1969 ለጳውሎስ 6ኛ ጽሑፍ አቀረቡ። አዲሱ ሥርዓት ቅዳሴ መሥዋዕት ነው የሚለውን ትምህርት ያደበዝዛል ብለው ነው የተከራከሩት። በ1971 ደግሞ የእንግሊዝ ደራስያንና የጥበብ ሰዎች ፈርመው አቤት አሉ። ከፈራሚዎቹ አንዷ በወንጀል ልቦለዶቿ የታወቀችው አጋታ ክሪስቲ ነበረች፤ ካቶሊክ እንኳ አልነበረችም! ጳውሎስ 6ኛም ለእንግሊዝና ለዌልስ በመጠኑ ፈቀዱ።

ለአንዱ «ጠብቅ»፣ ለሌላው «ልቀቅ»

የእኛ ግዕዝ የሚመጣው እዚህ ላይ ነው። ያው ጉባኤ በ1964 ስለ ምሥራቅ ካቶሊካውያን አብያተ ክርስቲያናት ባወጣው ድንጋጌ፣ የአባቶቻችሁን ሥርዓት ጠብቁ፣ በዘመን ብዛት ወይም በሰው ግፊት ከሥርዓታችሁ ያፈነገጣችሁ እንደሆነም ወደ አባቶቻችሁ ልማድ ተመለሱ አለ። የኢትዮጵያና የኤርትራ ካቶሊካውያን የግዕዝ ሥርዓት ከነዚህ አንዱ ነው።

እንግዲህ ልብ በሉ። ለምሥራቁ ልጅ ጥንታዊው ሥርዓት ሀብት ነው ተባለ፤ ለምዕራቡ ልጅ ግን ጥንታዊው ሥርዓት እንደ አሮጌ ዕቃ ከቤት ወጣ። አያቶቻችን ግዕዙን ቃል በቃል ባይተረጉሙትም፣ ቅዳሴው ምን እንደሆነ ጠፍቷቸው ያውቃል? «ሕዝቡ አይገባውም» ተብሎ ግዕዝ በአንድ ጀንበር ከመቅደስ ይውጣ ቢባል የሚነሳውን ጩኸት መገመት ለማንኛችንም አያዳግትም። በአማርኛ አይቀደስ እያልኩ አይደለም፤ ይቀደሳል፣ መልካምም ነው። ነገር ግን መጨመር ሌላ፣ መንጠቅ ሌላ። የላቲኑ ምእመን እሮሮ በሁለት ቃል ይኸው ነው፤ ጨምሩልን፣ አትንጠቁን።

የወጡትና የቀሩት

ፈረንሳዊው ሊቀ ጳጳስ ማርሴል ሌፌቭር የዳካር ሊቀ ጳጳስ ሆነው በአፍሪካ ያገለገሉ ሰው ናቸው። በ1970 በስዊዘርላንድ የቅዱስ ፒዮስ 10ኛን ማኅበር አቋቋሙ። በ1976 ከክህነት ሥራ ታገዱ። ጁን 30 ቀን 1988 ያለ ሮማ ፈቃድ አራት ጳጳሳት ሾሙ፤ ውግዘቱ ወዲያው መጣ። በ1991 ሳይታረቁ አረፉ። ማኅበራቸው ግን አልሞተም፤ ከ700 በላይ ካህናት ለማፍራት በቅቷል።

በዚያው በ1988፣ አብረዋቸው ከነበሩት ካህናት ጥቂቶቹ ከጴጥሮስ መንበር መለየትን አልፈለጉም። ተመልሰው የቅዱስ ጴጥሮስን የካህናት ማኅበር መሠረቱ፤ ዮሐንስ ጳውሎስ 2ኛም በአሮጌው ሥርዓት እንዲቀድሱ ፈቀዱላቸው። በ2007 ቤነዲክቶስ 16ኛ በሩን ወለል አድርገው ከፈቱት። ለቀደመው ትውልድ ቅዱስ የነበረው ለእኛም ቅዱስ ነው፣ በድንገት ጎጂ ሊባል አይገባም ሲሉም አስረዱ። በ2009 የአራቱን ጳጳሳት ውግዘት አነሱ። በየከተማው ልጆቻቸውን ያቀፉ ወጣት ባልና ሚስት ከጉባኤው በኋላ ተወልደው ያላዩትን ቅዳሴ ፍለጋ መጡ። የሽማግሌዎች ትዝታ ነው ሲባል የነበረው ነገር የወጣቶች ሆነ።

ከዚያስ? ጁላይ 16 ቀን 2021 ፍራንቸስኮስ በሩን መልሰው ዘጉት። በየሀገረ ስብከቱ የሚፈቅደው ጳጳሱ ብቻ ሆነ፤ አሮጌው ቅዳሴ ከቁምስና ቤተ ክርስቲያን ይውጣ፣ አዲስ ቡድን አይቋቋም፣ አዲስ የሚሾም ካህን ሊቀድሰው ቢፈልግ ሮማ ትጠየቅ ተባለ። በ2023 ደግሞ ቁጥጥሩ ይበልጥ ወደ ሮማ ተሳበ።

ምክንያታቸውን እንስማ፤ አለመስማት ነውር ነው። ለአንድነት የተሰጠው ፈቃድ ለመለያየት ዋለ፣ ጉባኤውን የሚንቁ ሰዎች መሸሸጊያ ሆነ አሉ። ውሸት ነው? ሙሉ በሙሉ አይደለም። ከወግ አጥባቂዎቹ መካከል «እውነተኛዋ ቤተ ክርስቲያን እኛ ብቻ ነን» የሚሉ አሉ። በአሜሪካ የቫቲካን አምባሳደር የነበሩት ሊቀ ጳጳስ ቪጋኖ የጳጳሱን ሥልጣን እስከ መካድ ደርሰው በ2024 ተወግዘዋል።

ነገር ግን ጥቂቶች ባጠፉ ሁሉም ይቀጣ? ፍራንቸስኮስ ውሳኔያቸውን የመሠረቱት በ2020 ለጳጳሳት በተላከ መጠይቅ ላይ መሆኑን ገልጸው ነበር። በ2025 በጋዜጠኛ እጅ ገብተው የታተሙ ሰነዶች ግን አብዛኛው መልስ ሰጪ ጳጳስ የ2007ቱ ፈቃድ እንዲነካ አልፈለገም የሚል ነገር አመጡ። ቫቲካን የታተመው ከፊሉ ብቻ ነው፣ የተሟላ አይደለም ሲል መለሰ። እንዲያ ከሆነ ሙሉውን አውጥቶ ማሳየት ማንን ይጎዳል?

ከሁሉም የሚያስገርመው ይህ ነው። እኒሁ ፍራንቸስኮስ በ2015 ከሮማ ጋር ሙሉ አንድነት ለሌላቸው ለሌፌቭር ማኅበር ካህናት ንስሐ የማናዘዝ ሥልጣን ሰጥተዋል፤ ምሕረት ነው፣ ደግ አደረጉ። የቅዱስ ጴጥሮስ ማኅበርንም በ2022 ከእገዳው አውጥተዋል። ያለ ማኅበር፣ ያለ ጠበቃ፣ በሰፈሩ ቁምስና በትሕትና ሲያስቀድስ የኖረው ተራ ምእመን ግን ዱላው አረፈበት። ለወጣው እጅ ተዘርግቶ ለታዘዘው በር ሲዘጋ፣ ለልጆች የሚያስተላልፈው ትምህርት ምንድን ነው?

ጳጳስ ያለው ተደመጠ

ቅሬታው በቅዳሴ ብቻ አላበቃም። በ2016 ስለ ቤተሰብ በወጣው ሰነድ ላይ አራት ካርዲናሎች ጥያቄ ጽፈው ቀጥተኛ መልስ አላገኙም። ዲሴምበር 18 ቀን 2023 ደግሞ ቫቲካን፣ የጋብቻ ትምህርቱ አልተለወጠም እያለ፣ ካህናት ከቅዳሴና ከሥርዓተ ጸሎት ውጭ ተመሳሳይ ጾታ ያላቸውን ጥንዶች መባረክ ይችላሉ የሚል ሰነድ አወጣ። የአፍሪካ ጳጳሳት በሦስት ሳምንት ገደማ ውስጥ፣ በኪንሻሳው ካርዲናል አምቦንጎ ፊርማ፣ ይህ ቡራኬ በአፍሪካ አይሰጥም ብለው አሳወቁ። ያሳወቁትም ከጳጳሱ ጋር ተስማምተው ነው፤ ማንም ከሃዲ አላላቸውም።

ይህን ያነሳሁት ስለ ሰነዱ ለመከራከር አይደለም። «አይሆንም» ማለት በራሱ አመፅ አለመሆኑን ሮማ ራሷ ማሳየቷን ለማስታወስ ነው። አፍሪካ በጳጳሳቷ አፍ ተናገረችና ተደመጠች። የላቲን ቅዳሴ ወዳዱ ምእመንስ ማን ይናገርለት? ጥሩ ጳጳስ ከገጠመው ይቀደስለታል፤ ካልገጠመው ወደ ሌላ ከተማ ይነዳል። ይህ በሕግ መኖር ሳይሆን በዕድል መኖር ነው።

ሸክሙ

የካቶሊክ ወግ አጥባቂ ችግር ከሌላው የሚከብድበት ምክንያት አለ። ለእሱ ለጳጳሱ መታዘዝ ራሱ ከአባቶች የወረሰው ርስት ነው። ርስቱን ልጠብቅ ብሎ አባቱን ቢክድ ከርስቱ ግማሹን ጣለ። አባቱን ልታዘዝ ብሎ ርስቱን ቢተው አባቱ ጠባቂ የሆነበትን ነገር ጣለ። «የአባትህ ቤት ሲዘረፍ አብረህ ዝረፍ» የሚለውን ተረት እሱ አይቀበለውም፤ ቤቱን ጥሎ መሄድም አይሆንለትም። ከዚህ ጭንቀት ወጥቶ ጥግ የያዘውን መውቀስ ቀላል ነው። ወደዚያ ጥግ የሚገፋው ግን አለመደመጥ ነው። የማይሰማ መሪ ተቃዋሚውን በገዛ እጁ ያበዛል።

አሁንስ?

ፍራንቸስኮስ በኤፕሪል 2025 አረፉ፤ በሜይ 8 ሊዮ 14ኛ ተመረጡ። በዚያው ዓመት ኦክቶበር ካርዲናል በርክ በቅዱስ ጴጥሮስ ባዚሊካ በአሮጌው ሥርዓት እንዲቀድሱ ተፈቀደላቸው። ሊዮ ራሳቸው በ2025 በሰጡት ቃለ ምልልስ፣ ቅዳሴው የፖለቲካ መሣሪያ መሆኑ እንዳሳዘናቸው፣ ከነዚህ ምእመናን ጋር ቁጭ ብሎ የመነጋገር አስፈላጊነትም እንዳለ ተናግረዋል። መልካም ቃል ነው።

ይሁን እንጂ ለአንድ ቀን የተሰጠ ፈቃድ መፍትሔ አይደለም። አንዱ ጳጳስ ይሰጣል፣ ቀጣዩ ይነሳል፤ ምእመኑ በየምርጫው ልቡ እየተንጠለጠለ አምላኩን እንዴት ያምልክ? ለግዕዙ ልጅ በ1964 የተጻፈለትን ያህል ለላቲኑም ልጅ ይጻፍለት፤ ሥርዓትህ የአንተ ነው፣ ማንም በቸርነት የሚሰጥህ በቁጣ የሚነሳህ አይደለም ይባል። በምላሹም እሱ የጎረቤቱን ቅዳሴ አይናቅ፣ ጉባኤውን አይስደብ። ይህ ከተደረገ የወጡት ለመመለስ ሰበብ ያገኛሉ፤ የቀሩትም ለመውጣት ሰበብ ያጣሉ።