ስለ መደብ
በኮምፒውተር በሚመራ ማሽን እንጨት መቅረጽ ለሚጀምሩ ባልደረቦች የተደረገ ንግግር




በዚህ ዓመታዊ ስብሰባችን ላይ ስለ አዲሱ የመቅረጫ ማሽን ጥቂት ቃል እንድናገር በተጠየቅሁ ጊዜ፣ በመጀመሪያ የመጣልኝ አሳብ ስለ ማሽኑ ፍጥነትና ስለ ጉልበቱ ማውራት ነበር። ይሁን እንጂ ስለዚያ ጉዳይ ሻጮቹ ከእኔ ይበልጥ አሳምረው ይናገራሉ። ስለሆነም እኔ ዛሬ የማነሣው ሻጮቹ የማያነሡትን ነገር ነው፤ ይኸውም መደቡን ነው። መደብ ስል ከቅርጹ ዙሪያና ከመካከሉ ዝቅ ብሎ የሚቀረውን፣ አበባው ወይም ሐረጉ የሚያርፍበትን ገጽ ማለቴ ነው።

ነገሩን እንዳነሣ ያስገደደኝ በራሴ ላይ የደረሰ ገጠመኝ ስለሆነ ከዚያው ልጀምር። ማሽኑን በገዛሁ በመጀመሪያው ዓመት አንዲት አዛውንት ወይዘሮ ለዕቃ ቁም ሣጥን ሁለት መዝጊያ አዘዙኝ። እንጨቱ ዋንዛ፣ ጌጡ በብራና መጻሕፍት አናት ላይ እንደምናየው ያለ ሐረግ ነበር። ማሽኑ መደቡን ስድስት ሚሊ ሜትር ዝቅ አድርጎ እንደ መስተዋት ለጥ አደረገው፤ እኔም በብርጭቆ ወረቀት አሽቼ፣ ሦስት እጅ ቫርኒሽ ቀብቼ፣ በኩራት ወሰድኩላቸው። ወይዘሮይቱ መነጽራቸውን አስተካክለው ለረጅም ጊዜ ተመለከቱት፤ እጃቸውንም በመዝጊያው ላይ አሳለፉና «ልጄ፣ ይኼ ፕላስቲክ ነው እንዴ?» አሉኝ። ዋንዛ መሆኑን ምዬ ተገዝቼ ነገርኋቸው። «እንግዲያው ዋንዛውን ምን አደረግኸው?» ብለው ዕቃውን መለሱልኝ። ቀብዱንም መለስሁ።

አንደኛውን መዝጊያ ተሸክሜ በልጅነቴ መሮ አያያዝ ወዳስተማሩኝ ሽማግሌ ዘንድ ሄድኩ። እርሳቸው ማሽኑን በዓይናቸው አይተውት አያውቁም፤ ለማየትም አልጓጉም። መዝጊያውን ወደ መስኮቱ አዞሩና «አበባውን ቀርጸህ መሬቱን ረሳኸው» አሉኝ። ከዚያም ከመሣሪያ ሣጥናቸው ጫፉ በሞረድ ተቆርጦ ጠፍጣፋ የተደረገ፣ በላዩም ወዲህና ወዲያ ጭረት የተሞረደበት ትልቅ ሚስማር አወጡ። ከአንዱ ማዕዘን ጀምረው መደቡን በትንሽ መዶሻ ነጠብ ነጠብ ያደርጉት ጀመር። የመዳፍ ስፋት ያህል ሲሠሩ ሐረጉ ከጣውላው ላይ ብድግ ሲል አየሁ። ቅርጹን ግን ጫፉን እንኳ አልነኩትም ነበር።

ምክንያቱ ከብርሃን ጋር የተያያዘ ነው። ለጥ ያለ መደብ የመስኮቱን ብርሃን በአንድነት ተቀብሎ በአንድነት ይመልሳል፤ ከላዩ ያለው ቅርጽም እንደዚያው ያደርጋል፤ ስለዚህ ዓይን ሁለቱን ለመለየት የሚረዳው በጠርዙ ላይ ያለው ቀጭን ጥላ ብቻ ይሆናል። መደቡ ሸካራ ሲሆን ግን በየጉድጓዱ ጥቃቅን ጥላዎች ይቋጠራሉ፤ ብርሃኑም ይበታተናል፤ መደቡ ጠቆር፣ ደብዘዝ ይልና ለስላሳው ቅርጽ በርቶ ይወጣል። የእጅ ቀራጮች ይህን በብዙ አገር ያውቁ ነበር። በእኛም አገር በአንገት በሚንጠለጠሉ ትናንሽ የእንጨት ሥዕሎች ክዳን ላይ መስቀሉ ለስልሶ ሲቀር፣ በዙሪያው ያለው በተቀራረበ ጭረት ተሞልቶ ይገኛል። ለእጅ ቀራጭ ሌላም ጥቅም ነበረው፤ በመሮ የወረደ መደብ ፍጹም ልክ ስለማይሆን ጉድለቱን ነጠብጣቡ ይሸፍንለታል።

ማሽኑ ግን የተወለደው ለተቃራኒው ዓላማ ነው። ጆን ፓርሰንስ የተባለ አሜሪካዊ የሄሊኮፕተር ክንፍ በትክክል ለማበጀት ሲል ያፈለቀው አሳብ በማሳቹሴትስ የቴክኖሎጂ ተቋም አድጎ፣ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር በ1952 ዓ.ም. በቁጥር የሚመራው የመጀመሪያው ፍሬዛ ለሕዝብ ታየ። የሚፈለገው ልክ የሆነና የመሣሪያ ዱካ የማይታይበት ብረት ነበር። የዛሬው የእንጨት ማሽናችን የዚያ ልጅ ነው፤ ዝም ብንለው ዱካውን ሁሉ ያጠፋል። ዱካ የምንፈልግ ከሆነ ደግሞ ዱካ እንዲተው ማዘዝ የእኛ ፈንታ ነው።

አሁን ወደ አሠራሩ ልግባ። ለጀማሪ ከሁሉ በፊት እንዲገባው የምፈልገው የረድፍ ርቀት የሚባለውን ነው፤ ማሽኑ አንድ መስመር ጨርሶ ለሚቀጥለው መስመር ስንት ወደ ጎን እንደሚሄድ ማለት ነው። ስድስት ሚሊ ሜትር ስፋት ያለው ክብ አፍንጫ ቢት ይዘን የረድፉን ርቀት 0.3 ሚሊ ሜትር ብናደርገው፣ በሁለት ረድፎች መካከል የሚቀረው ሸንተረር ከመቶኛ ሚሊ ሜትር በታች ስለሆነ እጅ አይለየውም። ያንኑ ቢት ሳንለውጥ ርቀቱን ወደ 2 ሚሊ ሜትር ብናሰፋው ሸንተረሩ 0.17 ያህል ይሆናል፤ 3 ሚሊ ሜትር ብናደርገው ደግሞ 0.4 ይደርስና ከሩቅ የሚታይ፣ የታረሰ ማሳ የሚመስል መደብ ይወጣል። ጀማሪው እንደ ጥፋት ቆጥሮ በብርጭቆ ወረቀት ሲታገለው የሚውለው መስመርና እኛ ጌጥ የምንለው መስመር አንድ ነገር ናቸው፤ ልዩነቱ ታስቦ መሠራቱ ነው። ደስ የሚለው ነገር ርቀቱ በሰፋ መጠን ጊዜውም ይቀንሳል። ከ0.3 ወደ 3 ስንሄድ ማሽኑ የሚመላለሰው አንድ ዐሥረኛ ያህል ብቻ ነው። ማሽኑ ራሱ ያወጣው ጌጥ ስለሆነ፣ ለመጀመሪያ ሥራ ከዚህ የሚቀልና የሚረክስ አላውቅም።

መስመሩ ግን በየት በኩል ይሂድ? ከእንጨቱ ጅማት ጋር ትይዩ ከሆነ ቆረጣው ንጹሕ ይሆናል፤ ዳሩ ግን ከእንጨቱ የተፈጥሮ መስመር ጋር ተደባልቆ ይጠፋል። ጅማቱን ቀጥ ብሎ ካቋረጠ ደግሞ ይታያል፤ ነገር ግን የሸንተረሩ አናት ይቆራረጣል፣ ጸጉርም ያወጣል፤ ጥድን በመሳሰለ ቶሎ በሚሰነጠቅ እንጨት ላይ በተለይ ያስቸግራል። እኔ ብዙውን ጊዜ ሰያፍ አድርጌ አስኬደዋለሁ። ቢቱ የደነዘዘ ከሆነ ግን የትኛውም አቅጣጫ አያድንም።

ሁለተኛው ዓይነት ነጠብጣቡ ነው፤ የሽማግሌውን ሚስማር የሚተካው ማለት ነው። እዚህ ላይ ሒሳብ ሳይሠሩ መጀመር ያስቀጣል። ሠላሳ በአርባ ሳንቲ ሜትር የሆነ መደብ በየአምስት ሚሊ ሜትሩ አንድ ጉድጓድ ይኑረው ብንል 4800 ጉድጓድ ይሆናል፤ ለአንዱ አንድ ሴኮንድ ብንሰጠው አንድ ሰዓት ከሃያ ደቂቃ ነው። ይህን ለደንበኛ ዋጋ ከመንገር በፊት እንጂ በኋላ ማወቅ አይጠቅምም። በተጨማሪም የክብ አፍንጫ ቢት መካከለኛ ጫፍ ቢሽከረከርም በቦታው የሚዞር እንጂ የሚቆርጥ አይደለም፤ ቀጥ ብሎ ሲወርድ እንጨቱን ያሻል፣ ይለበልባል፣ ያጠቁራል። ስለዚህ ቢቱ ቀጥ ብሎ እንዲወርድ ከማድረግ ይልቅ ሦስት አራት ሚሊ ሜትር እየተንሸራተተ ገብቶ እየተንሸራተተ እንዲወጣ ማዘዝ ይሻላል። የሚተወውም ምልክት ክብ ጉድጓድ ሳይሆን የጎባጣ መሮ አሻራ ይመስላል፤ ለዓይንም ይበልጥ ያምራል። የጉድጓዶቹን ረድፍ ልክ እንደ ወታደር ሰልፍ አሰልፎ መተው ግን የተበሳ ላሜራ ያስመስለዋል፤ ቦታቸውን ትንሽ ትንሽ ማዛነፍ የሚያስችል ፕሮግራም ካላችሁ ተጠቀሙበት።

ሦስተኛው በሹል ቢት የሚሠራ ጭረት ነው። ወዲህና ወዲያ ሲቋረጥ የሰሌን መልክ ይሰጣል። ውበቱ የማይካድ ቢሆንም ጣውላው ልክ ካልሆነ የሚያሳፍረው እርሱ ነው፤ እኔንም አሳፍሮኛል። ዘጠና ዲግሪ ሹልነት ያለው ቢት ግማሽ ሚሊ ሜትር ሲገባ አንድ ሚሊ ሜትር ስፋት ያለው ጭረት ይተዋል፤ አንድ ሚሊ ሜትር ሲገባ ሁለት ይሆናል። እንግዲህ ጣውላው ከአንዱ ጫፍ ግማሽ ሚሊ ሜትር ብቻ ከፍ፣ ከሌላው ጫፍ ያንኑ ያህል ዝቅ ቢል፣ እዚያ ጭረቱ እጥፍ ይሰፋል፣ እዚህ ፈጽሞ ይጠፋል። የመለሱልኝን መዝጊያ ለመተካት በሠራሁት ሁለተኛ ጥንድ ላይ የደረሰው ይኸው ነው። በግራ በኩል ሰሌን፣ በቀኝ በኩል ባዶ። በጊዜው ማሽኑን ረገምሁ፤ ጥፋቱ ግን የእኔ ነበር። መደቡን በጠፍጣፋ ቢት ካወረድሁ በኋላ ጣውላውን ፈትቼ አነሣሁትና በማግሥቱ መልሼ አሰርሁት። ጣውላ ደግሞ ከአንድ ወገኑ ብቻ ብዙ ሲቀረፍ በሌሊት ይቆለመማል። ስለሆነም መደቡ በወረደበት ሰዓት፣ ጣውላው ከሞርሳው ሳይፈታ ጌጡ ይሠራ። ቢት ሲለወጥም የከፍታውን ዜሮ ከእንጨቱ ላይ ሳይሆን ከማሽኑ ጠረጴዛ ላይ ማንሣት ይበጃል፤ የእንጨቱ አናት በከፊል ተቀርጾ ሊያልቅ ይችላልና። ጠረጴዛው ቦታውን አይለቅም። መብራት በመካከል ቢጠፋም የተመዘገበ የዜሮ ቦታ ያለው ሰው ሥራውን ከተቋረጠበት ይቀጥላል፤ የሌለው ግን ሰጋቱራውን ጠርጎ ወደ ቤቱ ይሄዳል።

ከቅርጹ ጠርዝ ጋር ያለው ጉዳይ ብዙዎቻችንን ያከራክራል። ክብ አፍንጫ ቢት ጠርዙን ሳይነካ ጥግ ድረስ መግባት አይችልም፤ ስለዚህ ፕሮግራሙ በቅርጹ ዙሪያ ጌጥ ያልነካው ጠባብ መንገድ ይተዋል። አንዳንድ ባልደረቦች ይህ ንጹሕ ነው ይላሉ። እኔ ግን ከማሽን የወጣ መሆኑን ከሩቅ የሚናገረው ያ መንገድ ነው እላለሁ። የእጅ ቀራጭ ነጠብጣቡን እስከ አበባው እግር ያደርሰዋል። ስለዚህ ያችን ጠባብ መንገድ ማሽኑ ሥራውን ከጨረሰ በኋላ በዚያው በተሞረደ ሚስማር በእጅ እንድትሞሉት እመክራለሁ። ለአንድ መዝጊያ ከግማሽ ቀን የበለጠ አይፈጅም።

የጌጡ መጠን ከቅርጹ ደቃቅ ክፍል ያነሰ ይሁን፤ የሐረጉ ቅጠል አምስት ሚሊ ሜትር ሆኖ ነጠብጣቡም አምስት ከሆነ ዓይን የቱን እንደሚያይ ይጠፋዋል። በጥልቀትም ቅርጹ ከመደቡ ካለው ከፍታ ሢሶ ባያልፍ እመርጣለሁ። ኤም ዲ ኤፍ ላይ ለሚሠሩ ደግሞ አንድ ነገር ልበል፦ የተቆረጠው ውስጡ ጸጉር ያወጣል፣ ቀለምም ይጠጣል፤ በቀጭን ቫርኒሽ አንድ ጊዜ ቀብቶ አድርቆ በናይለን ብሩሽ መፈግፈግ ጸጉሩን ያነሣዋል። በብርጭቆ ወረቀት ከታሸ ግን የሸንተረሩ አናት ይበላል፤ ይህ ለእውነተኛውም እንጨት ይሠራል። እኔም በመጀመሪያው ሥራዬ ላይ የቀባሁት ዓይነት ሦስት እጅ ወፍራም ቫርኒሽ 0.2 ሚሊ ሜትር ጥልቀት ያለውን ጌጥ ሞልቶ ይቀብረዋል። ቀጭን አድርጎ ሁለት ጊዜ መቀባት፣ ወይም በዘይት ብቻ መተው ይበቃል።

መደብ ማስጌጥ የተበላሸ ሥራ መሸፈኛ ነው የሚሉ እንዳሉ አውቃለሁ። በእጅ ዘመን በከፊል እውነት ነበር፤ ራሴም ሸፍኜበት አውቃለሁ። በማሽን ዘመን ግን የሚሸፈን ጉድለት የለም። ወይዘሮይቱ የጠየቁኝ ሌላ ጥያቄ ነበር፤ ይህን ዕቃ የሠራው ሰው የት አለ የሚል ይመስለኛል። ገበያው ውስጥ አንድ ዓይነት ሐረግ፣ ከአንድ ዓይነት ፋይል የወጣ፣ በአንድ ዓይነት ለጥ ያለ መደብ ላይ ተቀምጦ በየሱቁ ተደርድሯል። ሐረጉን ከፋይል መግዛት ይቻላል። መደቡን ግን እንጨቱን አይቶ፣ መስኮቱ በየት በኩል እንደሆነ ጠይቆ የሚወስን ባለሙያ ያስፈልገዋል፤ እኔና እናንተ ከደንበኛ ዋጋ የምንጠይቅበት ሥራ እርሱ ነው።

ሦስተኛውን ጥንድ በሰያፍ ረድፍ፣ ጠርዙን በእጅ ሞልቼ ሠራሁትና ወይዘሮይቱ ዘንድ ወሰድሁት። እጃቸውን እንደ ቀድሞው አሳለፉበት። ምንም አላሉም፤ ቀብድ ሳይሆን ሙሉ ዋጋውን ቆጥረው ሰጡኝ፤ ቡናም አፈሉልኝ።

የመጀመሪያው መዝጊያ፣ አንዱ ማዕዘኑ በሽማግሌው ሚስማር የተነጠበው፣ እስከ ዛሬ በእጄ ነው። ዛሬ ይዤው መጥቻለሁ፤ ከአዳራሹ በስተ ግራ ካለው መስኮት ሥር ከአራት የሙከራ ሰሌዳዎች ጋር አስቀምጬዋለሁ። በየሰሌዳው ጀርባ ላይ የቢቱን ስፋት፣ የረድፉን ርቀትና የፈጀውን ደቂቃ ጽፌበታለሁ። በሻይ ሰዓት ብርሃኑ ከጎን ስለሚገባ ያን ጊዜ ብታዩት ይሻላል፤ በእጃችሁም ዳስሱት።