ስለ ሊቲየም ባትሪ መሙያ ሰሌዳ ለመምህራንና ለአገር ሽማግሎች የተነገረ ምክር



ፀሐይ በገባች ጊዜ መጽሐፉን የሚዘጋ ልጅ የጥናቱን እኩሌታ እንዳጣ ይቈጠራል። ስለዚህ የኤሌክትሪክ መስመር ባልደረሰበት ቀበሌ፥ ቀን በፀሐይ ተሞልቶ ማታ የሚያበራ ትንሽ መብራት ለትምህርት ታላቅ ረዳት ነው። ይህንም መብራት በጥቂት ገንዘብ በትምህርት ቤት ውስጥ መሥራት ይቻላል። ዳሩ ግን በእውቀት የተሠራ እንደ ሆነ ብርሃን ይሰጣል፤ ያለ እውቀት የተሠራ እንደ ሆነ የሣር ቤት ያቃጥላል። የዚህ ምክር ፍሬ ነገር በአጭሩ ይህ ነው፤ ወደ ባትሪው የሚገባው ኤሌክትሪክ በባትሪው አቅም ልክ ይመጠን።

ሊቲየም አዮን የሚባለው ባትሪ በእጅ ስልክና በሚታጠፍ ኮምፒዩተር ውስጥ የሚገኘው ነው። እንደ አውሮፓ አቈጣጠር በ1991 ዓ.ም. መጀመሪያ ለገበያ ያወጣው የጃፓኑ ሶኒ ኩባንያ ነው። ለዚህ ባትሪ መገኘት የደከሙት ሦስት ሊቃውንት፥ እነርሱም ጆን ጉድኢናፍ፥ ስታንሊ ዊቲንግሃምና አኪራ ዮሺኖ፥ በ2019 ዓ.ም. የኬሚስትሪ ኖቤል ሽልማት ተቀበሉ። ከዓይነቶቹ አንዱ 18650 ይባላል፤ ቍጥሩም መጠኑን ይናገራል፤ ወርዱ 18፥ ቁመቱ 65 ሚሊሜትር ነውና። በአሮጌ ኮምፒዩተር ባትሪ ውስጥ ይህ ዓይነት ብዙ ጊዜ ይገኛል፤ ከመካከላቸው አንዱ ስለ ሞተ የተጣሉ፥ ነገር ግን ገና የሚያገለግሉ አሉ።

የዚህ ባትሪ አሞላል ጠጅን ወደ ብርሌ እንደ መቅዳት ነው። ቀጂው መጀመሪያ በአንድ ልክ ያንቆረቍራል፤ ጠጁ ከብርሌው አንገት በደረሰ ጊዜ ግን እጁን እየቈጠበ ያንጠባጥባል፤ በሞላም ጊዜ ያቆማል። ባትሪውም እንዲሁ መጀመሪያ በአንድ ልክ ይሞላል፤ 4.2 ቮልት ሲደርስ የሚገባው ኤሌክትሪክ ቀስ በቀስ መቀነስ፥ በመጨረሻም መቆም አለበት። ከዚህ ወሰን ያለፈ እንደ ሆነ ይሞቃል፥ ያብጣል፥ እሳትም ሊያነሣ ይችላል።

ይህን የቀጂ ሥራ የምትሠራው በአውራ ጣት አንጓ የምታህል ርካሽ ሰሌዳ ናት። በላይዋ ስምንት እግር ያለው ቲ.ፒ. 4056 የሚባል ጥቍር ቺፕ ተተክሎባታል። ባትሪው ከ2.9 ቮልት በታች ደክሞ ያገኘችው እንደ ሆነ ከሙሉው መጠን አንድ አሥረኛውን ብቻ እየሰጠች ታነቃዋለች፤ ከዚያ በኋላ ሙሉውን ትሰጣለች፤ 4.2 ቮልት ላይ ይዛ የሚገባው ወደ አንድ አሥረኛ በወረደ ጊዜ ታቆማለች። ስትሞላ ቀይ መብራት ይበራል፤ በሞላ ጊዜ ቀዩ ጠፍቶ ሌላው ይበራል።

እንግዲህ ሙሉው መጠን ስንት እንዲሆን የሚወስነው ምንድር ነው ቢሉ፥ ከጤፍ ፍሬ እምብዛም የማይበልጥ አንድ ሬዚስተር ነው። ይህም ከቺፑ ሁለተኛ እግር ጋር የተያያዘው ነው። በላዩ 122 የሚል ተጽፎበት ይገኛል፤ የመጀመሪያዎቹ ሁለት አኃዞች እንዳሉ ተነበው፥ ሦስተኛው የዜሮዎችን ብዛት ያመለክታል፤ ስለዚህ 1,200 ኦም ማለት ነው። የሚገባው ኤሌክትሪክ የሚታወቀው 1,200ን በሬዚስተሩ ኦም በማካፈል ነው። 1,200 ለ1,200 ሲካፈል 1 አምፔር ይሆናል። በ2,000 ኦም 0.6 ገደማ፥ በ4,000 ኦም 0.3 ገደማ፥ በ5,000 ኦም 0.25 ገደማ፥ በ10,000 ኦም 0.12 ገደማ ይሆናል። ይህ የማካፈል ሒሳብ ለተማሪዎች ቢሰጥ ቍጥር በእጅ ሥራ ላይ ምን እንደሚጠቅም በዓይናቸው ያዩታል።

ሰሌዳዋ ከፋብሪካ የምትወጣው ብዙ ጊዜ በ1 አምፔር ልክ ተሠርታ ነው። ይህ መጠን ለሁሉ ባትሪ አይስማማም። ለባትሪ ደኅንነት የሚሻለው መጠን ከአቅሙ እኩሌታ ያልበለጠ ነው። ከትንሽ ስልክ የወጣ ባትሪ አቅሙ 500 ሚሊአምፔር ሰዓት ቢሆን፥ የሚገባው 250 ሚሊአምፔር ነው፤ ሰሌዳዋ ሳትታረም ብትሰጠው ግን አራት እጥፉን ትግተዋለች። በአገልግሎት ያረጀ ባትሪ ደግሞ በላዩ የተጻፈው አቅም ቀንሷልና እኩሌታው ብቻ እንደ ቀረው ይቈጠር። 2,400 የሚል የተጻፈበት አሮጌ ባትሪ 1,200 እንደ ያዘ ተቈጥሮ እኩሌታው 600 ሚሊአምፔር ይሆናል፤ ለዚህም የ2,000 ኦም ሬዚስተር ይስማማዋል።

መጠንን መቀነስ ሁለት ሌላ ጥቅም አለው። አንደኛው፥ ሰሌዳዋ ትርፉን ጉልበት በሙቀት የምታባክን ናት፤ 5 ቮልት ገብቶላት ባትሪው 3.5 ቮልት ቢሆን፥ በ1 አምፔር 1.5 ዋት ሙቀት ታወጣለች፤ በ0.3 አምፔር ግን ከግማሽ ዋት ያነሰ ነው። ሁለተኛው፥ ትንሽ የፀሐይ ሰሌዳ 1 አምፔር ለመስጠት አቅም የለውም፤ ከአቅሙ በላይ ሲጠየቅ ቮልቱ ይወድቃል፤ በልኩ ሲጠየቅ ግን ቀኑን ሙሉ በደኅና ይሰጣል።

ለውጡ የሚደረገው እንዲህ ነው። ሰሌዳዋ ከባትሪና ከኃይል ተለይታ በጠረጴዛ ላይ ትጸናለች። የመበየጃው ብረት ትንሹን ሬዚስተር ከሁለቱ ጫፍ እየተፈራረቀ ያሞቀዋል፤ በቀለጠም ጊዜ በወረንጦ ይነሣል። በቦታው ተራ እግር ያለው ሬዚስተር፥ እግሮቹ አጥረው፥ ከሌላ ነገር ጋር ሳይነካኩ ይበየዳል። ከዚህ በኋላ ሥራው በመልቲሜትር ይፈተን፤ ግማሽ ከጐደለ ባትሪ ጋር ሲያያዝ የሚገባው አምፔር ከሒሳቡ ጋር ይተያያል፤ ባትሪው በሞላ ጊዜም ቮልቱ ከ4.2 እምብዛም እንዳላለፈ ይታያል። ያልተለካ ሥራ አልተፈጸመም።

በገበያ ሁለት ዓይነት ሰሌዳ አለ። አንደኛዋ መሙያ ብቻ ናት። ሁለተኛዋ ዲ.ደብሊው. 01 የሚባል ጠባቂ ቺፕ ተጨምሮባታል፤ እርሱም ባትሪው ወደ 2.4 ቮልት ሲወርድ መብራቱን ያቋርጣል፤ ሽቦዎቹ ተነካክተው ብዙ ኤሌክትሪክ ቢፈስስም ይዘጋል። የዋጋቸው ልዩነት ጥቂት ነውና መምህሩ ባለ ጠባቂዋን ይምረጥ፤ መብራቱንም ከባትሪው ጫፍ ሳይሆን ለመብራት ተለይቶ ከተመለከተው መውጫ ያያይዘው፤ አለዚያ ጠባቂው ቺፕ መብራቱን ሊያቋርጠው አይችልም። ባትሪው ሲሞላም መብራቱ ጠፍቶ ይቆይ፤ ሰሌዳዋ መብራቱ የሚጠጣውን ባትሪው የሚጠጣው መስሏት ማቆሚያዋን ትስታለችና።

የፀሐይ ሰሌዳ ሲመረጥ ደግሞ ቺፑ ከ8 ቮልት በላይ እንደማይችል ይታወቅ። የ6 ቮልት የተባለው ይስማማል፤ የ12 ቮልት የተባለው ግን ሳይጫንበት ወደ 20 ቮልት ይደርሳልና ቺፑን ያጠፋዋል። የቺፑ አንደኛ እግር የባትሪውን ሙቀትና ቅዝቃዜ ለመጠበቅ የተሠራ ነው፤ በርካሾቹ ሰሌዳዎች ላይ ግን ይህ ጥበቃ ተዘግቷል። ስለዚህ ባትሪው ፀሐይ በቀጥታ ከሚመታው ስፍራ ርቆ በጥላ ይሁን፤ በደጋ አገርም ውርጭ በወረደበት ማለዳ ሙቀት እስኪመለስ ድረስ አይሞላ፤ ከዜሮ ዲግሪ በታች መሙላት ሊቲየሙን በውስጡ ያጋግረዋልና።

ባትሪ ሲመረጥ ያበጠው፥ የተጨራመተው፥ የዛገው፥ የሚያፈስሰውም ይወገድ። ሲለካ ከ2 ቮልት በታች ሆኖ የተገኘውን ለማዳን አይሞከር። ሲሞላ በእጅ ለመያዝ እስኪያስቸግር የሚሞቀውም ይጣል። ሊቲየም ብረት ፎስፌት የሚባለው ዓይነት ሙላቱ 3.65 ቮልት ገደማ ነውና ከዚህች ሰሌዳ ጋር ፈጽሞ አይያያዝ። ሁለት ባትሪ ተከታትሎ የተቀጠለ እንደ ሆነም ሌላ ዓይነት ሰሌዳ ያሻዋል። የተወገደው ባትሪ ጫፎቹ በፕላስተር ተሸፍነው ከሕፃናትና ከእሳት ርቆ ይቀመጥ፤ በምድጃ የጣለው ሰው ፍንዳታ ያገኘዋል።

ሽማግሎች ሆይ፤ መምህሩ ሰሌዳዋን ቢያርም፥ ባትሪው የሚሞላበትን ስፍራ የሚያስከብሩት የቤት አባቶች ናቸው። ባትሪ በድንጋይ ወይም በሸክላ ላይ፥ ከሣር ክዳን፥ ከጭድና ከአልጋ ርቆ፥ ሰው በሚያየው ስፍራ ይሞላ። ቤተ ሰብ ተኝቶ ሳለ፥ ወይም ቤቱ ተዘግቶ ሰው ሳይኖር አይሞላ። ጢስ ያወጣ እንደ ሆነ ሕፃናት ፈጥነው ይውጡ፤ ጢሱ መርዝ አለበት። እሳቱ ትንሽ ሆኖ ከበር መቅረብ የሚቻል ቢሆን፥ እስኪበርድ ድረስ ብዙ ውኃ ይፍሰስበት፤ ነበልባሉ ጠፍቶም ዳግመኛ ሊነሣ ስለሚችል ፈጥኖ በእጅ አይነካ።

የአገር ሰው «ሳይቃጠል በቅጠል» ይላል። በዚህ ሥራ ቅጠሉ ያች ከጤፍ ፍሬ እምብዛም የማትበልጥ ሬዚስተር ናት። በልክ የመረጣት መምህር ተማሪው በማታ እንዲያነብ ያደርገዋል፤ የተማሪው እናትም ያለ ስጋት ታድራለች።