የጓሯችንን ቅጠል እንቁጠር

እርሳስና ደብተራችሁን ያዙ። የዛሬው ንግግር ሥራ አለበት።

አንድ ነገር ልጠይቃችሁ። በሰፈራችሁ ያለው ተክል ሁሉ ሊጠፋ ነው፤ አንዱን ብቻ አትርፉ ብትባሉ የትኛውን ታተርፋላችሁ? አንዱ ጤና አዳም ይላል። ሌላዋ ዳማ ከሴ ትላለች። ክርክር ይነሣል። ይህን ክርክር በቁጥር መዳኘት ይቻላል። ስለ ተክል የሚመራመሩ ሰዎች እንዲህ ያደርጋሉ፤ እናንተም ትችላላችሁ።

በደብተራችሁ ላይ «ግራዋ» ብላችሁ ጻፉ። ወደ ጎረቤት ሂዱ። «ግራዋ ለምን ለምን ይጠቅማችኋል?» ብላችሁ ጠይቁና ዝም በሉ። መልሱን አትንገሯቸው። እማማ «የጠላ ጋን አጥብበታለሁ» ቢሉ አንድ ጭረት ጫሩ። «ሆድ ሲነፋ ጨምቄ እጠጣለሁ» ቢሉ ሌላ ጭረት። አባባ «ንቦቼ አበባውን ይቀስማሉ» ቢሉ ሌላ ጭረት።

10 ሰው ጠየቃችሁ፣ 27 ጭረትም አገኛችሁ እንበል። 27ን ለ10 አካፍሉ። 2.7 ይሆናል። ለእነዚሁ 10 ሰዎች ጤና አዳም 19 ጭረት ቢያገኝ 1.9 ነው። እንግዲያው በእናንተ ሰፈር ግራዋ ይበልጣል ማለት ነው። በሌላ ሰፈር ሌላ ይሆናል።

ጤና አዳምን ቡና ላይ የሚያደርጉት አሉ፤ ፍሬውን በርበሬ ውስጥ የሚጨምሩ አሉ፤ ለሆድ ቁርጠት የሚጠጡትም አሉ። ስለዚህ ከጭረቱ አጠገብ ለምግብ «ም»፣ ለመድኃኒት «መ» ጻፉ። ሁለቱ ፊደሎች ወንድማማቾች ናቸውና እንዳያሳስቷችሁ።

ማንን እንጠይቅ? እኔ መጀመሪያ ስሠራ የተሳሳትኩት እዚህ ላይ ነው። ዋርካ ጥላ ሥር የተቀመጡትን ወንዶች ብቻ ጠየቅሁ። ሞፈርና ዱላ የሚሆነውን እንጨት ሁሉ ነገሩኝ። ማታ ሴቶቹን ስጠይቅ ግን ገጹ አልበቃኝም!

ዶክተር አክሊሉ ለማ እ.ኤ.አ. በ1964 ዓድዋ ላይ ሴቶች ወንዝ ዳር በእንዶድ ልብስ ሲያጥቡ አዩ። ከሚያጥቡበት ዝቅ ብሎ ቀንድ አውጣዎች ሞተው አገኙ። ቢልሃርዝያ የሚባለው በሽታ የሚተላለፈው በቀንድ አውጣ በኩል ነው። ልብስ ከሚታጠብበት ወንዝ ይህን የሚያህል ነገር ተገኘ።

ታዲያ ብዙ ጭረት ማለት ሕዝቡ ይገለገልበታል ማለት ነው እንጂ ያድናል ማለት አይደለም። ኮሶ ከልኩ ካለፈ ይጎዳል። እርጉዝ ሴት ፈጽሞ አትጠጣው። ለኮሶ ትል በጤና ጣቢያ እንክብል አለ።

አንድ ጭረት ብቻ ያገኘውንስ ተክል እንሰርዘው? እኔ አልሰርዝም። አንዲት አሮጊት ለልጅ ሳል የሚሆን ቅጠል ነገሩኝ። ከእሳቸው በቀር የሚያውቀው አልተገኘም። ስሙን ጻፍሁ፤ ቅጠሉን ነገ አያለሁ ብዬ ሄድሁ። በሚቀጥለው ክረምት ስመለስ አርፈዋል። ስሙ እስከ ዛሬ ደብተሬ ላይ አለ፤ የትኛው ቅጠል እንደሆነ ግን የሚያሳየኝ አጣሁ።

ስለዚህ ስሙን እንደ ጻፋችሁ፣ ያን ዕለቱን «እስቲ ያሳዩኝ» በሉ። አብራችሁ እስከ ተክሉ ሂዱ። የበቀለበትን ቦታ ጻፉ፤ ቅጠሉን በደብተራችሁ መካከል አድርጋችሁ አድርቁ። ለሚቀጥለው ሳምንት የ3 ተክል ጭረት ይዛችሁ ጠብቁኝ። ደኅና ሰንብቱ።