የክፍያ ቴሌቪዥን የአገር ጣቢያ እንዲሸከም ይገደድን?

(በደብረ ታቦር ለማኅበሩ አባላት የተሰጠ ንግግር)



የኬብል ኩባንያዎች የአየር ሞገድ ጣቢያዎችን እንዲያስተላልፉ በሕግ ይገደዱን? የሚለው ርእስ ኬብል በየቤቱ ባልተዘረጋበት አገር እንግዳ ሊመስል ይችላል። ነገር ግን ኬብል ቴሌቪዥን ራሱ የተራራ ልጅ ነው። እ.ኤ.አ. በ1940ዎቹ መጨረሻ በአሜሪካ ፔንሲልቬንያ ተራራ የጋረዳቸው ከተሞች ሞገዱ ቢቀርባቸው፣ ከፍ ባለ ስፍራ የጋራ አንቴና ተክለው በሽቦ ወደየቤቱ አወረዱት። ከጉና ግርጌ ለኖረ ሰው ይህ ማብራሪያ አይሻም።

ዳሩ ግን ሽቦ ያስገባ ቤት የጣራ አንቴናውን ያወርዳል፤ ካወረደም በኋላ የሚያየው ባለ ሽቦው የፈቀደለትን ብቻ ይሆናል። ተቃዋሚዎች «ማብሪያ እንደ መጫን ነው፤ ከሽቦ ወደ አንቴና በቁልፍ ይቀይር» ብለው ተከራከሩ። ፍርድ ቤትም እ.ኤ.አ. በ1985 እና በ1987 የግዴታውን ደንብ ሻረ። ምክር ቤቱ በ1992 እንደገና ሲያወጣው ጠቅላይ ፍርድ ቤቱ በ1997 በ5 ለ4 ድምፅ አጸናው።

ወደ ራሳችን እንመለስ። የኢትዮጵያ ቴሌቪዥን በ1957 ዓ.ም. ሲጀምር ነገሩ የአዲስ አበባ ነበር። ለዛሬው የደጋ ተመልካች ግን ሥርጭቱ ከሰማይ በዲሽ የሚወርድ ነው። ዲሹም ብዙ ዘመን ወደ ናይልሳት፣ ማለትም ወደ ምዕራብ 7 ዲግሪ፣ ሲያይ ቆየ። በ2012 ዓ.ም. ኢትዮሳት በምሥራቅ 57 ዲግሪ ባለው ሳተላይት ላይ ሲከፈት ደግሞ ባለሙያ ተጠርቶ ወደ ምሥራቅ ዞረ። እንግዲህ አንድ ዲሽ የሚያየው አንድ የሰማይ ስፍራ ነው። ለኳስ ብሎ የክፍያ ቴሌቪዥን ደንበኛ የሆነ የፋርጣ ወይም የንፋስ መውጫ ነዋሪ፣ ኩባንያው የባሕር ዳሩን የክልል ጣቢያ ካልጫነለት ሌላ ዲሽ ሊተክል ይገደዳል። ስለዚህ የቁልፉ ክርክር በእኛ ዘንድ ከአሜሪካው ይልቅ ደካማ ነው። «ኩባንያዎቹ በፈቃዳቸው ይጭናሉ» ለሚለኝም፣ በፈቃድ የተጫነ በፈቃድ ይወርዳል እላለሁ።

ይሁን እንጂ ግዴታው የማይፈታውን ነገር ከወዲሁ እንወቅ። በ2013 ዓ.ም. የፕሪምየር ሊጋችን የሥርጭት መብት ለሱፐርስፖርት ተሽጦ ጨዋታው በዲኤስቲቪ ታየ። በዚያው ዓመት ፋሲል ከነማ ለመጀመሪያ ጊዜ ዋንጫውን አነሣ። ኩባንያው ነጻ ጣቢያዎችን ሁሉ ቢሸከም እንኳ መብቱ የእነርሱ ስላልሆነ ደንበኝነት ለሌለው የጎንደር ሰው የሚጨምርለት ነገር አልነበረም። ጣቢያ ማስተላለፍና የሕዝብን ጨዋታ ለሕዝብ ማቆየት ሁለት ሕግ የሚሹ ሁለት ጉዳዮች ናቸው፤ ብዙዎቻችን ግን እንቀላቅላቸዋለን።

ሸክሙም ዋጋ አለው። (በጋፋት የተሠራው ሴባስቶፖል ተራራ ለተራራ እስከ መቅደላ እንዴት እንደ ተጎተተ ለዚህ ጉባኤ አልተርክም።) በሳተላይት ላይ የሚያዝ እያንዳንዱ ቦታ ኪራይ ይከፈልበታል። አሜሪካኖቹ ለትላልቆቹ ኬብሎች ግዴታውን በጣቢያ ብዛት ሲሶ ላይ ወስነውታል፤ ሲሶ ደግሞ ለእኛ ባላገሮች እንግዳ ቃል አይደለም።

ከኪራዩ ይልቅ የሚያሳስበኝ መራጩ ነው። እ.ኤ.አ. በ2012 ዓረብሳት ከኢትዮጵያ ምድር የሚነሣ የሞገድ አፈና ሥርጭቱን እንዳወከበት በይፋ ከሷል። ማፈን የለመደ እጅ፣ ማስጫንንም ቢይዝ፣ ግዴታው የመንግሥት ድምፅ ብቻ መሸከሚያ ይሆናል።

ስለ ሆነም ግዴታውን እደግፋለሁ፤ ነገር ግን ጠባብ ይሁን። አንድ የሕዝብ ጣቢያና የተመልካቹ የራሱ ክልል ጣቢያ፣ ከሁለቱም ወገን ክፍያ ሳይጠየቅ ይጫኑ። ሌሎቹ ይደራደሩ። መመዘኛውም በቢሮ ደብዳቤ በየጊዜው የሚለዋወጥ ዝርዝር ሳይሆን በሕጉ ውስጥ የተጻፈ ይሁን፤ ጣቢያው በሚናገረው ሳይሆን በሚያገለግለው አካባቢ ይለካ። ኩባንያው ቅር ሲለው ፍርድ ቤት የሚቆምበት፣ ጣቢያውም ሲወርድበት አቤት የሚልበት አንቀጽ ይኑረው። ይህንንም ከፈቃድ እድሳት ጋር ማያያዝ ቀላሉ መንገድ ይመስለኛል።