የሚነደው ጉማጅ፦ ለቶርኖ ሥራ የሚሆን ባለ ሥዕል እንጨት አመራረጥ

(ሚዛን ተፈሪ፣ ለሞዴል አርሶ አደሮች ሥልጠና የቀረበ ንግግር)



ዛሬ የምንነጋገረው ከቡና ማሳችሁ ወጥቶ አብዛኛውን ጊዜ ምድጃ ውስጥ ስለሚገባው እንጨት ነው። ያረጀ ቡና ስትነቅሉ፣ የጥላ ዛፍ ስታሳሱ፣ ነፋስ የጣለውን ዋንዛ ስትቆራርጡ ቀጥ ያለው ግንድ ለጣውላ ይቀመጣል። ባላው፣ ጉጡና የሥሩ አንገት ግን «ለመጋዝ አይመችም» ተብሎ ለማገዶ ይፈለጣል። የቶርኖ ባለሙያ፣ ማለትም እንጨቱን እያሽከረከረ ሳህን፣ የቅመም ሙቀጫ፣ የአልጋና የረከቦት እግር የሚያወጣው ሰው፣ አጥብቆ የሚፈልገው ግን ይህንኑ የተጠላውን ክፍል ነው። ከአንድ ጉማጅ ተፈልፍሎ የሚሠራውን የጅማ ባለ ሦስት እግር በርጩማ ሁላችሁም ታውቁታላችሁ። እንጨት ዋጋ የሚያወጣው በርዝመቱ ብቻ እንዳልሆነ እሱ ይመሰክራል።

የዛሬው መልእክት ሁለት ነው። ከማንደዳችን በፊት እንይ። ለሥዕል ብለን ግን የቆመ ዛፍ አንቁረጥ።

1. የእንጨት ሥዕል ምንድን ነው?

ዛፍ ቀጥ ብሎ ሲያድግ የእንጨቱ ጭረትም ቀጥ ይላል። ቅርንጫፍ ሲያወጣ፣ ሲቆስል ወይም ሲጣመም ጭረቱ ይጠማዘዛል። የተጠማዘዘው ጭረት ተልጎ ሲለሰልስ ብርሃንን በየአቅጣጫው ስለሚመልስ ላባ፣ ሞገድ ወይም ዓይን የመሰለ መልክ ይታያል። ሥዕል የምንለው ይህንን ነው።

2. የት እናገኘዋለን?

*ባላ፦* ግንድ ለሁለት የሚከፈልበት ቦታ ነው። ላባ የመሰለው ሥዕል ከመገናኛው ሥር ይገኛል። መገናኛው ሰፋና ክብ ያለውን ምረጡ። ሁለቱ ቅርንጫፎች ተጣብቀው በመካከላቸው ልጥ የታፈነበት ባላ ግን ሲደርቅ ስለሚከፈት አይሆንም።

*ጉጥ፦* በግንዱ ላይ እንደ እብጠት የወጣው ክፍል ነው። ጭረቱ በሁሉም አቅጣጫ ስለሚዞር ለሳህን ተመራጭ ነው። ከወደቀ ዛፍ ላይ ብቻ ውሰዱት። ከቆመ ዛፍ ላይ ከተቆረጠ ቁስሉ የብስባሽ በር ይሆናል።

*የሥር አንገት፦* ግንድ ከሥር ጋር የሚገናኝበት ነው። ያረጀ ቡና ለመተካት ተነቅሎ ሲወጣ ይህ ክፍል ጠንካራና ደቃቅ ጭረት ያለው ሆኖ ይገኛል። እዚህ ላይ አንድ ነገር ልብ በሉ። ቡና ከመሬት ከ30 እስከ 40 ሴንቲ ሜትር ከፍታ ላይ ስትጎነድሉ የሚቀረው ጉቶ የነገ ምርታችሁ ነውና አይነካም። ከላይ የተቆረጠው ግንድ ቀጭን ቢሆንም ለእጀታና ለትንሽ ዘነዘና ይሆናል።

*ሞገድ ያለው ግንድ፦* ልጡ ሲነሳ ከሥሩ ያለው እንጨት እንደ ታጠበ የልብስ መፈተጊያ ጎበጥባጣ ከሆነ ውስጡም ሞገድ ሊኖረው ይችላል።

ከዛፍ ዓይነት ዋንዛ ለቶርኖ ቀላል ነው፤ መሃሉ ቀላ ያለ ቡናማ፣ ዳሩ ነጣ ያለ በመሆኑ ሁለቱ ቀለሞች በአንድ ሳህን ላይ ያምራሉ። ሰሳም ይሠራል፤ ብናኙ ግን ስለሚያስነጥስ አፍና አፍንጫን ሸፍኖ መሥራት ያስፈልጋል።

3. ማሳ ላይ እንዴት እንፈትሻለን?

ሀ. አንድ ስንዝር ያህል ልጡን አንሱና እንጨቱን በውኃ አርጥቡት። ተሰውሮ የነበረው ሥዕል በእርጥበት ይጎላል።

ለ. ከጫፉ ትንሽ ቁራጭ በመጥረቢያ ፍለጡ። ፍላጩ ቀጥ ብሎ ከወጣ ተራ እንጨት ነው። እየተጥመለመለ ከወጣ ለቶርኖ አስቀምጡት።

ሐ. በመጥረቢያ ጀርባ ምቱት። ድምፁ እንደ ባዶ ቅል ከሆነ ውስጡ በስብሷል።

መ. ቀዳዳና ደቃቅ ዱቄት ካያችሁ ነቀዝ ገብቶበታል፤ ከጤነኛው ጋር አታከማቹት።

4. አቆራረጥና አደራረቅ

ብዙ እንጨት የሚበላሸው በምርጫ ሳይሆን በማድረቅ ነው። እኔ ራሴ አንድ ጊዜ ያማረ የዋንዛ ባላ አግኝቼ ቶሎ ይድረቅ ብዬ ፀሐይ ላይ አሰጣሁት። በሳምንቱ ከዳር እስከ መሃል ተሰነጠቀ፤ ያ እንጨት ለማገዶ ዋለ። ቡና ቶሎ እንዲደርቅ ይሰጣል፣ እንጨት ግን ቀስ ብሎ መድረቅ አለበት።

ምክንያቱ ይህ ነው። የእንጨት እርጥበት ወደ 30 በመቶ ሲወርድ መኮማተር ይጀምራል። በግንዱ ዙሪያ የሚኮማተረው ከዳር ወደ መሃል ከሚኮማተረው እጥፍ ገደማ ነው። ግንዱ ድፍን ከሆነ ይህን ልዩነት ስለማይችል ይሰነጠቃል። ስለዚህ፦

• ጉማጁን ከምትፈልጉት ርዝመት በእያንዳንዱ ጫፍ 5 ሴንቲ ሜትር አስረዝማችሁ ቁረጡ።
• በዚያው ቀን በግንዱ እምብርት በኩል ለሁለት ክፈሉት። ባላ ከሆነ መጋዙ በሁለቱም ቅርንጫፎች መሃል ማለፍ አለበት፤ ላባው የሚታየው እንዲህ ሲሰነጠቅ ነው።
• ጫፎቹን ወዲያው በቀለጠ የማር ሰም ወይም በዘይት ቀለም ሸፍኑ። ሰሙን በቀጥታ እሳት ላይ አታቅልጡ፤ ዕቃውን የፈላ ውኃ ውስጥ አስቀምጡት።
• ከመሬት ከፍ ባለ ርብራብ ላይ፣ ዝናብና ፀሐይ በማይደርስበት፣ ነፋስ በቀስታ በሚያልፍበት ጥላ ደርድሩ።
• ቡና በምትመዝኑበት ሚዛን በየሁለት ሳምንቱ መዝኑና ክብደቱን በላዩ ጻፉ። መቀነሱን ሲያቆም ለአካባቢው አየር ደርቋል።

5. ሕግና ደን

በ1986 ዓ.ም. የወጣው የደን አዋጅ ዋንዛን፣ ዝግባን፣ ኮሶንና የሐበሻ ጽድን ከመንግሥት ደን መቁረጥን ከልክሏል። ጥቁር እንጨትም በዓለም አቀፍ ንግዱ ቁጥጥር የሚደረግበት ዛፍ ነው። አሁን በሥራ ላይ ያለው የደን አዋጅ ቁጥር 1065/2010 ነው። ስለዚህ እንጨቱ ከገዛ ማሳችሁ ቢሆንም ከመቁረጣችሁና ከማጓጓዛችሁ በፊት የወረዳውን ጽሕፈት ቤት ጠይቁ፤ ፈቃዱንም በእጃችሁ ያዙ።

ጎረቤቶቻችን የካፋ ደን በ2002፣ የሸካ ደን ደግሞ በ2004 ዓ.ም. በዩኔስኮ የባዮስፌር ጥብቅ ሥፍራ ተብለው ተመዝግበዋል። የእኛም ቡና የሚያፈራው በዚሁ ደን ጥላ ሥር ነው። አንድ ሳህን ለማውጣት የጥላ ዛፍ የጣለ ገበሬ ለብዙ ዓመት የቡናውን ጥላ ሸጧል ማለት ነው።

ማጠቃለያ

ወደ ቤታችሁ ስትመለሱ ከማገዶ ክምራችሁ አንድ ባላ ወይም አንድ የቡና ሥር አንገት ለይታችሁ አስቀምጡ። አንድ ፊቱን ላጉና ዘይት ቀቡት። ያንን ናሙና ይዛችሁ ወደ እንጨት ሥራ ቤት ሂዱ፤ የሚፈልጉትን ውፍረትና ርዝመት ጠይቁ። ብዙ ከማከማቸታችሁ በፊት ገዢውን እወቁ። ስትሸጡም በሸክም ሳይሆን በፍሬ ሽጡ፤ በሸክም የሚሸጥ እንጨት ሁልጊዜ የማገዶ ዋጋ ነው የሚያወጣው።

ማገዶ ያስፈልገናል፤ ምድጃችን አይጠፋም። ነገር ግን የሚነደውን ከማይነደው ለይተን እናንድ።